የሞተር ሳይክል ዘይት

ዛሬ የምናወራው ስለ ሞተር ሳይክል ዘይት ነው። በተለይ ስለ ባለ አንድ ሲሊንደሯ፣ በየከተማችን ስለምናያት ባለ 150 ሲሲ ሞተር።

መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ሌላ ነው፣ የካምቢዮው ሌላ። እዚህ ግን እንደዚያ አይደለም። ያው አንዱ ዘይት ፒስተኑን ያለሰልሳል፣ የማርሹን ጥርሶች ይቀባል፣ ፍሪሲዮኑም እሱው ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። መጠኑ ደግሞ ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም። እስቲ አስቡት፣ ለዚህ ሁሉ ሥራ!

ፓስቲ የሚጠበስበትን ዘይት አይታችሁታል አይደል? መጀመሪያ ጥርት ያለ ነው። ሲደጋገምበት ግን ይጠቁራል፣ ይበላሻል። የሞተር ዘይትም እንዲሁ ነው። ሙቀቱ ያደክመዋል፤ በዚያ ላይ የማርሹ ጥርስ ይፈጨዋል። ስለዚህ ሲጎድል መጨመር ብቻ አይበቃም፣ በጊዜው መቀየር አለበት።

ታዲያ የመኪና ዘይት ብንጠቀምስ? ተዉት! አንዳንዱ የመኪና ዘይት ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም አለበት። ያኔ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ዳገቱ ግን አይገፋም።

እና እባካችሁ፣ ዘይት ስትገዙ ዕቃው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ለሚሠራ ፍሪሲዮን እንደሚሆን የሚያሳይ ምልክት መኖሩን እዩ። ከመነሳታችሁ በፊትም ሞተሯን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ የዘይቱን መጠን ተመልከቱ።