ስሙን ሰጥተነው ያላየነው ኮከብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ ንግግር፤ ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)





 የምናገረው ስለ ከዋክብት ነው። ይኸን ስል፥ «የምድሩን ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሰማይ መንጠራራት ምን ይጠቅማል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እርሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምቶኝ ከዚያ በኋላ ይፍረድ።

በሰማይ ላይ «ቡና» የሚባል ኮከብ አለ። ይኸ ቀልድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ሲያከብር፥ ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት መድቦ ስም እንዲያወጡላቸው ጋበዘ። ከ100 የሚበልጡ አገሮችም ስም አወጡ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ቀድሞ ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ ይታወቅ ነበር። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. ግን ኮከቡ «ቡና»፥ ፕላኔቱም «አቦል» ተብሎ በዓለም መዝገብ ገባ። እናቶቻችን እንደሚያውቁት ከአቦል ቀጥሎ ቶናና በረካ አሉ፤ ወደ ፊት በዚያ ኮከብ ዙሪያ ሌሎች ፕላኔቶች ቢገኙ ስም አይቸግረንም ማለት ነው።

ይኸ ኮከብ የሚገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። አንድሮሜዳም በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ቡና ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ምድር የሚደርሰው ብርሃኑ ከዚያ የተነሣው አገራችን በዘመነ መሳፍንት ሳለች ነው። አቦልን ግን በቀጥታ ያየው የለም። ሊቃውንት መኖሩን ያወቁት የኮከቡን ብርሃን መርምረው፥ ኮከቡ በፕላኔቱ ስበት ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ ስላገኙት ነው። አቦል ከጁፒተር ከ4 ጊዜ በላይ ይከብዳል፤ ኮከቡንም አንድ ጊዜ ለመዞር 1,000 ቀን ያህል ይፈጅበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን፤ ነገር ግን ከመካከላችን ቡናን ያየ ስንት ነው? ኮከቡ በባዶ ዓይን ለመታየት ጥቂት ብቻ ይጎድለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፥ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፥ የከዋክብት ካርታና ተራ የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ በጨለማ ስፍራ የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል። ለልጁ ስም አውጥቶ ፊቱን ለማየት ያልጓጓ አባት ምን ይባላል? ዕውቀትም እንደዚሁ ነው፤ ያነበብነውን በዓይናችን እስክናየው ድረስ የሰው ገንዘብ እንደ ተዋስን እንቆጠራለን።

ለዚህ ሥራ የአገራችን ሰማይ እጅግ የተመቸ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፥ የሰሜን ኮከብም የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብትም ከአንድ ግቢ ይታያሉ። በአውሮፓ የሚኖር ተማሪ የደቡብ መስቀልን ከቤቱ ሆኖ አያይም። ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ፥ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ለዚህ ሥራ ብዙ የደከመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ሆኖም የከተማ መብራት ሲበዛ ደብዛዛ ከዋክብት ይጠፋሉ። ስለዚህ ጨለማ ሰማይ ያላቸው የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለሌላ መመልከቻ ተጠንተዋል።

ነገር ግን ቴሌስኮፕ ለሊቃውንት ብቻ የተሠራ ዕቃ እንዳይመስለን። ጆን ዶብሰን የሚባል ሰው በአሜሪካ አገር በገዳም ሲኖር ከጥቅም ውጭ የሆነ የመርከብ መስኮት መስተዋት እየሞረደ ቴሌስኮፕ ይሠራ ነበር። ከገዳሙ ከወጣ በኋላ በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጓደኞቹ ጋራ ማኅበር አቋቁሞ፥ ቴሌስኮፑን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በእግረኛ መንገድ ላይ እያቆመ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ያለ ዋጋ ያሳይ ነበር። ሳይንስ የሕዝብ የሚሆነው እንዲህ በሩ ሲከፈት ነው።

የማየት ጥቅሙም ፍርሃትን ማራቁ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት በላሊበላ ሰማይ ጨረቃ የፀሐይን መካከል ሸፍና ዳርዋን እንደ እሳት ቀለበት አስቀርታው ነበር። ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ስለሆነ፥ ያወቀው ሰው በደስታ ጠበቀው፤ ላላወቀው ግን እንዲህ ያለው ነገር የቁጣ ምልክት ይመስለዋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን ፀሐይ በከፊል የምትሸፈንበት ቀን ነው። በዚያን ጊዜ በጥላሸት በጠቆረ መስተዋት ወይም በፎቶግራፍ ፊልም ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መነጽር የሌለው ሰው በካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ፥ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፥ የፀሐይን ምስል በነጭ ወረቀት ላይ ይመልከት።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየወሩ አንድ ማታ የግቢው መብራት ለሁለት ሰዓት ይጥፋ፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ፥ የእጅ ባትሪ የሚይዝ በቀይ ወረቀት ይሸፍነው። ሁለተኛ፥ የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ወላጅ ለዚያች ማታ ያውሰን፤ ገንዘብ ሲገኝም አንድ ታናሽ ቴሌስኮፕ ይገዛ። የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች፥ የሣተርንን ቀለበትና የጨረቃን ጉድጓዶች ለማየት ይበቃል፤ ጨረቃም ጥላዋ ጎልቶ የሚታየው ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን ነው። ሦስተኛ፥ በሩ ለጎረቤቱ ሁሉ ይከፈት፤ በአዲስ የሥነ ፈለክ ወሬ ላይም አንድ ተማሪ በየጊዜው ያስረዳ።

የምድሩ ሥራ ይቅደም ለሚለው መልሴ ይኸ ነው፤ ሊቃውንት አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ጾምንና ፋሲካን ያወጡት የፀሐይንና የጨረቃን ዙር ቆጥረው ነው። ሰማይን መመልከት ለእነርሱ የሥራ ፈት ጨዋታ አልነበረም፤ ዘመናቸውን የሚያስተዳድሩበት ዕውቀት ነበር። የእነርሱን ስሌት የወረስን ልጆች በሌሎች ዓይን ብቻ ማየት አይገባንም።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ተሰናብተን እንሄዳለን። በታናናሾቻችን ላይ የምናየው ተስፋ ግን ትልቅ ነው። በሚመጣው ታኅሣሥ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በዚህ ግቢ ቆማ፥ መነጽሩን ወደ ሰሜን አቅንታ፥ «አገኘሁት!» ብትል፥ ያን ጊዜ ቡና በእውነት የእኛ ኮከብ ይሆናል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።