በትምህርት ሰዓት የተደረሰች ዘፈን
በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




ስለ አንዲት የፍቅር ዘፈን ለመናገር በዚህ መድረክ ላይ መቆሜ ከእናንተ አንዳንዶቹን ሳያስደንቅ አይቀርም። መርሐ ግብሩን ያዘጋጁት ወንድማችንም ርእሱን በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ለመምህራን ነው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። አዎን፤ ለመምህራን ነው። ምክንያቱንም አስቀድሜ ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የሂሳብ ደብተሩን ከኋላ ገልብጦ ግጥም ሲጽፍ አገኘሁት። ደብተሩን ቀማሁት፤ ከግጥሙም ሁለት መስመር ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ ክፍሉም ሳቀ። ልጁ አንዳች አልመለሰልኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እጁን አንሥቶ ሲጠይቅ አላየሁትም፤ በዓመቱ መጨረሻም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሄደ። ደብተሩ እኔ ዘንድ ቀረ። ዛሬ የምነግራችሁን ታሪክ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ያነበብሁት እንደ ሙዚቃ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን እንደ ተከሳሽም ነው።

ዘፈኗ በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ የተደረሰችው «ላቭ ሚ ዱ» ናት፤ ባለቤቶቿም ቢትልስ የተባሉት ወጣቶች ናቸው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። የእነዚህ ሰዎች ዝና ኋላ ዓለምን አዳርሷል፤ እኔ የምናገረው ግን ከጎረቤት በቀር የሚያውቃቸው ስላልነበረበት ጊዜ ነው።

ፖል ማካርትኒ በ1942 ተወለደ። እናቱ አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ ልጁ ገና 14 ዓመቱ ሳለ በ1956 ሞቱበት። አባቱ በጥጥ ንግድ የሚሠሩ፣ በወጣትነታቸውም የራሳቸው የጃዝ ጓድ የነበራቸው ሰው ነበሩ። ለልጃቸው ትረምፔት ሰጡት። ልጁ ግን ትረምፔት እየነፉ መዝፈን እንደማይቻል ስለተረዳ አባቱን አስፈቅዶ በጊታር ለወጠው። ይህችን ትንሽ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ። ጆን ሌነን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። የተገናኙት ጁላይ 6 ቀን 1957 በዉልተን ሰፈር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የበጋ በዓል ላይ ነው። በዓመቱ የጆን እናት መኪና ገጭቷቸው ሞቱ። እንግዲህ ሁለቱ ልጆች የተቀራረቡት በሙዚቃ ብቻ አልነበረም።

የፖል አባት እስከ ማታ ሥራ ላይ ስለሚውሉ ቤቱ ቀን ቀን ባዶ ነበር። ልጆቹም በተማሪዎቻችን ቋንቋ ይፎርፉ ነበር፤ ማለትም ከትምህርት ቤት ቀርተው በዚያ ቤት ሳሎን ፊት ለፊት ተቀምጠው ጊታር ይመታሉ። ፖል ግራኝ ነው፤ ጆን ቀኝ። አንዱ የሌላውን ጣቶች በመስተዋት እንደሚያይ ሆኖ ይከተላል። ያገኙትን ግጥም በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ይጽፉታል፤ በገጹም ራስ ላይ የሁለቱ ተጨማሪ ድርሰት መሆኑን በኩራት ያሰፍራሉ። ዜማውን ግን የሚጽፉበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ኖታ አያውቁምና፤ የድምፅ መቅጃም የላቸውም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጡ፤ በማግሥቱ የማናስታውሰው ዜማ ሌላው ሰውም አያስታውሰውምና ይቅር አሉ። የቅኔ ቤት ተማሪ ሌሊት የቆጠረውን ቅኔ በቃሉ ይዞ ጠዋት በመምህሩ ፊት እንደሚቀርብ ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ ሕግ እንግዳ አይሆንብንም።

«ላቭ ሚ ዱ» የተወለደችው በዚህ ዓይነት ነው። ዋናውን የደረሰው ፖል ነው፤ ዕድሜው 16 ዓመት ገደማ ሳለ። በመካከለኛው ክፍል እርሱም እጁ እንዳለበት ጆን ኋላ ተናግሯል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ግጥሟ ባዶ እግሯን የወጣች ትመስላለች፤ ቃላቷ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚሉትም «ውደጂኝ» ከማለት አይዘልም። ሙዚቃዋም እንዲሁ ነው፤ ሶልና ዶ የተባሉትን ሁለት ኮርዶች ታመላልሳለች፤ መካከል ላይ ሬ ትገባለች፤ በቃ። እውነቱን ለመናገር ከድርሰቶቻቸው ሁሉ ታላቋ ይህች ናት የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ማስመሰል የለባትም። የ16 ዓመት ልጅ የሚያውቀውን ያህል ታውቃለች፤ ከዚያ አታልፍም።

ትምህርት ቤቱስ በዚህ ጊዜ ምን ያደርግ ነበር? ፖልና ታናሽ ባልንጀራው ጆርጅ ሃሪሰን የሚማሩት ሊቨርፑል ኢንስቲትዩት በተባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ነበር። የሙዚቃ ክፍለ ጊዜም ነበራቸው። ፖል እንደሚያስታውሰው መምህሩ የክላሲክ ሸክላ አስቀምጠው ከክፍል ይወጡ ነበር፤ ተማሪዎቹም ሸክላውን ትተው ካርታ ይጫወቱ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከቢትልስ ሁለቱ ተቀምጠው ሳለ፣ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ የሙዚቃ ተሰጥዎ አለው ብሎ ያስተዋለ አልነበረም። በዚያው ግቢ ግን አላን ደርባንድ የተባሉ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበሩ፤ ጥንታዊው ባለቅኔ ቾሰር ለወጣት የሚያስቅ ነገር እንዳለው አሳይተው ልጁን ወደ መጻሕፍት የሳቡ። ፖል ስማቸውን በምስጋና ሲያነሣ ኖሯል። ሁለቱ መምህራን ደመወዝ የሚቀበሉት ከአንድ ቤት ነበር።

ወደ ቀረጻው ልለፍ። ጃንዩዌሪ 1 ቀን 1962 ልጆቹ ለንደን ሄደው ዴካ በተባለው የሸክላ ኩባንያ ተፈተኑ፤ ወደቁ። ጉዳያቸውን የያዘላቸው የሊቨርፑሉ ሸክላ ነጋዴ ብራያን ኤፕስታይን ግን በየደጁ መመላለሱን አልተወም፤ በመጨረሻም በኢ.ኤም.አይ. ሥር ያለውን የፓርሎፎን ክፍል ያስተዳድሩ የነበሩትን ጆርጅ ማርቲንን አገኘ። ማርቲን በሙዚቃ ትምህርት ቤት ኦቦ የተማሩ፣ በወቅቱም ከሁሉ በላይ በቀልድ ሸክላዎች የታወቁ ሰው ነበሩ። ጁን 6 ቀን 1962 ልጆቹ በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ቀረቡ። የቴክኒክ ሠራተኞቹ ነጭ ካፖርት የሚለብሱበት፣ ሁሉ በሰዓት የሚሠራበት ቤት ነው። ማርቲን በመጀመሪያ ላይ አልነበሩም። «ላቭ ሚ ዱ» ስትጀመር ግን የድምፅ መሐንዲሱ ኖርማን ስሚዝ ጆሮው ቆመና «ጆርጅን ጥሩልኝ» አለ።

ማርቲን መጥተው እንዳዳመጡ አንድ ችግር አዩ። አዝማቹን የሚዘፍነው ጆን ነው፤ የመጨረሻው ቃል ሳያልቅ ደግሞ የአፍ ሃርሞኒካ መንፋት አለበት። አንድ አፍ ሁለቱን ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ በዚያው ቅጽበት ፖል የአዝማቹን መጨረሻ ብቻውን እንዲዘፍን አዘዙት፤ ሙዚቃው ሁሉ ጸጥ ሲል የርሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ፖል ይህን ቦታ ከዚያ በፊት ብቻውን ዘፍኖት አያውቅም። ድምፁ በፍርሃት እንደተንቀጠቀጠ፣ ሸክላውን በሰማ ቁጥር መንቀጥቀጡ እንደሚሰማው ራሱ ኋላ ተናግሯል። እነሆ ያቺ ትንሽ ነገር ተመለሰች፤ እየነፉ መዝፈን አይቻልምና ትረምፔቱን የተወ ልጅ፣ በዚያው ምክንያት ዘፈኑ በእጁ ወደቀ።

ከቀረጻው በኋላ ማርቲን ልጆቹን ጠርተው ጉድለታቸውን በዝርዝር ነገሯቸው። ልጆቹም ቃል ሳይመልሱ ቆሙ። በመጨረሻ ማርቲን «እናንተስ ያልወደዳችሁት ነገር አለ?» ቢሏቸው ጆርጅ ሃሪሰን «ከሁሉ በፊት ክራቫትዎን አልወደድሁትም» አለ። እኔ ብሆን ኖሮ ልጁን ከክፍል አስወጣው ነበር። ማርቲን ግን ሳቁ፤ በድርሰታቸው ብዙም ሳይማረኩ በልጆቹ ተማረኩ።

ከበሮ መቺውን ፒት ቤስትን ግን ለቀረጻ አልወደዱትም። ጓደኞቹም ሐሳቡ አስቀድሞ ነበራቸው። ኦገስት 16 ቀን ኤፕስታይን ጠርቶ አሰናበተው። ሁለት ዓመት አብሯቸው የኖረውን ሰው ሦስቱ ባልንጀሮቹ ራሳቸው አልነገሩትም። ይህን የታሪኩን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር አልወደውም፤ ዝና ሁሉን ይሸፍናል ቢባልም ይህን አልሸፈነም።

በቦታው የገባው ሪቻርድ ስታርኪ ነው፤ ሪንጎ ስታር የሚባለው። በሕፃንነቱ ሁለት ጊዜ በጽኑ ታሞ ብዙ ወራት በሆስፒታል ስለተኛ ትምህርቱ ተቋርጦበታል፤ ከበሮ መምታት የጀመረውም እዚያው በሕሙማን መካከል ነው። ሴፕቴምበር 4 ቀን ሁለተኛው ቀረጻ ተደረገ። ማርቲን ሚች መሪ የተባለ ደራሲ የሠራውን ሌላ ዘፈን ይዘው ጠበቋቸው፤ ይህ ተወዳጅ ይሆናል አሉ። ልጆቹ ታዝዘው ቀረጹት፤ ነገር ግን የራሳችን ይውጣልን ብለው ለመኑ። ማርቲንም ተቀበሏቸው። በነገራችን ላይ የማርቲን ጆሮ አልተሳሳተም፤ ያው ዘፈን ለሌላ የሊቨርፑል ጓድ ተሰጥቶ በ1963 በእንግሊዝ አንደኛ ወጥቷል። ልጆቹም አልተሳሳቱም።

በሴፕቴምበር 11 ሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩ፣ ሪንጎ ከበሮው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘ፤ አንዲ ዋይት የተባሉ ልምድ ያላቸው ስኮትላንዳዊ። ለሪንጎ ታምቡሪን ሰጡት። ጓዱን ከተቀላቀለ ገና አንድ ወር አልሞላውም፤ እኔም እንደ ፒት ልባረር ነው ብሎ ተሸበረ። ማርቲን በኋለኛው ዘመን ይቅርታ ይጠይቁት እንደነበረ ሪንጎ ይናገራል። ዋይት የዕለት ክፍያቸውን ተቀብለው ሄዱ፤ ከሸክላው ሽያጭ ድርሻ አልነበራቸውም። ኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በኒው ጀርሲ የስኮትላንድ ባግፓይፕ ጓዶችን ከበሮ ሲያስተምሩ ኖረው በ2015 ዐረፉ። እንግዲህ ከእኛ ማኅበር ናቸው።

ሸክላው ኦክቶበር 5 ቀን 1962 ወጣ። በእንግሊዝ ከ17ኛ ደረጃ አላለፈም፤ በአሜሪካ በ1964 አንደኛ ሆነ። በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ያለው የሪንጎ ከበሮ ነው፤ በ1963 በወጣው አልበም ላይ ያለው ግን የዋይት። የፒት ቤስት ቀረጻ ለ33 ዓመታት ሳይታተም ቆይቶ በ1995 ወጣ፤ እርሱም ያን ጊዜ ክፍያውን አገኘ።

ክቡር ሊቀ መንበር ቢፈቅዱልኝ ሦስቱንም ቀረጻዎች አሁን በተራ እናሰማለን፤ እያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ታምቡሪን የሚሰማበት የሴፕቴምበር 11 ቀኑ ነው። ሁለተኛው ትንሽ የሻከረ ቢመስላችሁ በመሣሪያው አትፍረዱ፤ ዋናው ቴፕ ስለጠፋ ከአሮጌ ሸክላ የተገለበጠ ነው። በሦስቱም ላይ ሙዚቃው ጸጥ በሚልበት ቦታ የፖልን ድምፅ አዳምጡልኝ። ደብተሩንም ይዤው መጥቻለሁ፤ በጠረጴዛው ላይ ነው። የልጁ ስም በሽፋኑ ላይ ተጽፏል፤ ከሌላ ከተማ የመጣችሁ ባልደረቦቼ በዕረፍት ጊዜ ተመልከቱልኝ፤ ምናልባት ከእናንተ የአንዱ ተማሪ ይሆን ይሆናል።