ክሬአቲን ለአዳኝ ጉልበት ይሰጣልን?



ክሬአቲን የተባለው ነጭ ዱቄት ለስፖርተኞች ብቻ ሳይሆን፣ በአሜሪካ በኮሎራዶ ተራሮች ኤልክ የሚባለውን ታላቅ አጋዘን ለሚያድኑ ሰዎችም «ጉልበት ይሰጣል» እየተባለ ይሸጣል። እኛም ይህንን አባባል በሰውነት አሠራርና በአደን ሥራ ጠባይ ልንመዝነው ወደድን።

በመጀመሪያ፣ ክሬአቲን ለሰውነት ባዕድ አይደለም፤ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ከሥጋና ከዓሣም እናገኘዋለን። ፈረንሳዊው ሼቭረል በ1832 እ.ኤ.አ. ከሥጋ ለይቶ አወጣው። ጀርመናዊው ሊቢግም በ1847 በአደን ተባርረው የተገደሉ ቀበሮዎች ሥጋ፣ ታስሮ ከኖረ ቀበሮ ሥጋ ዐሥር እጥፍ ክሬአቲን እንዳለው ጻፈ። እንግዲህ የክሬአቲንና የአደን ወሬ ከጥንት የተያያዘ ነው።

ሥራውስ ምንድን ነው? ጡንቻ በድንገት ብርቱ ሥራ ሲገጥመው፣ ፎስፎክሬአቲን ፈጥኖ ኃይል ያቀብለዋል። ነገር ግን ይህ ስንቅ ከዐሥር ሴኮንድ ብዙም አያልፍም። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም መውሰድ ስንቁን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ክብደት ለሚያነሣና አጭር ሩጫ ለሚደጋግም ሰው ይረዳል።

አዳኝ ግን ከንጋት እስከ ምሽት፣ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ጠመንጃና ስንቅ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ይህ የልብና የሳምባ ሥራ ነው፤ በዚህ ረገድ የክሬአቲን ርዳታ ጥቂት ነው። እንዲያውም ጡንቻ ውሃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ክብደት ይጨምራል። ጥቅሙ ጎላ ብሎ የሚታየው ከወራት በፊት በሚደረገው የክብደት ልምምድ፣ ምናልባትም የሥጋውን ሸክም ከመሬት በማንሣት ጊዜ ነው።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? በከተማ ሜዳ ሲሮጥ የደከመ ሰው ዐርፎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በዱቄት ተማምኖ ሳይለማመድ ተራራ የወጣ ግን ከሰፈሩ ርቆ ጀንበር ትጠልቅበታለች፣ ብርዱም ይይዘዋል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ጤነኛ ሰው ክሬአቲን ቢወስድ አንነቅፈውም፤ ቢፈልግ ከጉዞው አንድ ወር አስቀድሞ ይጀምር። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው። ከሁሉ በፊት ሸክም ይዞ ዳገት መውጣትን ይልመድ፤ ከፍታውንም እንዲለምድ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ይድረስ። የእግርን ልምምድ የሚተካ ዱቄት የለምና።