ጅራፍ ለምን ይጮኻል?

የአሰላ መምህራንና ተማሪዎች፤

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የምንለው ሰው ለመውቀስ ነው። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ስለ ጅራፉ ነው።

በአርሲ ትራክተርና ኮምባይነር ቢበዛም፣ ከጭላሎ ግርጌ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ዛሬም አይታጣም። ጅራፉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። መያዣው ጋ ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ የትም ላይ በድንገት አይሳሳም።

አሁን እነዚህን ሁለት ገመዶች ተመልከቱ። ሁለቱም ቃጫ ናቸው፤ የአንዱ ውፍረት የሌላው ግማሽ ነው። አያይዤ ቋጥሬ ወጥሬያቸዋለሁ። ወፍራሙን አንዴ ሳርገበግበው ሞገዱ እየሮጠ ቋጠሮው ላይ ይደርስና ይከፈላል። አብዛኛው ወደ ቀጭኑ አልፎ በእጥፍ ፍጥነት ይነጉዳል፤ ከጉልበቱ ከዘጠኝ አንድ እጁ ወደ እጄ ይመለሳል። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ስልከውም የሚመለሰው ያንኑ ያህል ነው፤ ግን ተገልብጦ ነው፦ ሽቅብ ጎብጦ የሄደው ቁልቁል ጎብጦ ይመጣል።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን የአውታር ድምፅ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ እንደሚወሰን እ.ኤ.አ. በ1636 ጽፏል። የሞገዱን ቀመር የሒሳብ ሊቁ ዳላምቤር በ1747 አወጣው። ጅራፉ ግን ብዙ ጠበቀ። ጫፉ ድምፅን ስለሚቀድም ይሆናል የሚጮኸው ብሎ ጀርመናዊው ኦቶ ሉመር የገመተው በ1905 ነው፤ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ አንስተው ጥናታቸውን ያሳተሙት ደግሞ በ1958። በ2002 ተመራማሪዎቹ ጎሪየሊና ማክሚለን በሒሳብ እንዳሳዩት፣ ጩኸቱን የሚያወጣው ጫፉ ሳይሆን በጅራፉ ላይ የሚሮጠው እጥፋት የድምፅን ፍጥነት ሲደርስበት ነው። በአሰላ ቀዝቃዛ ማለዳ፣ አየሩ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ይህ በሴኮንድ 337 ሜትር ያህል ነው።

የገበሬ ክንድ ይህን ፍጥነት ከየት ያመጣል? ከአገማመዱ ነው። ጅራፉ ቀስ በቀስ ስለሚቀጥን ጉልበቱን የሚመልስ ቋጠሮ የለም። ያ ሁሉ ጉልበት እየቀለለ በሚሄድ ገመድ ላይ ሲያርፍ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጅራፍ የሚገምድ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ እኔ ይህን ዕውቀት ፊዚክስ ብዬ ለመጥራት አላመነታም።

መምህራን ሆይ፣ ስለ ሞገድ የምታስተምሩ ቀን ሁለት ገመድና አንድ ጅራፍ ይዛችሁ ክፍል ግቡ።