የልጅ ልደት የት ይደረግ?
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሊቀመንበራችን ስለ ቤት ወጪ አያያዝ ተናገሪ ብላኝ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሰንጠረዥ ይዛ ትመጣለች ብላችሁ ፈርታችሁ ይሆናል። አልያዝኩም። ስለ አንድ ወጪ ብቻ ላውራችሁ፣ ስለ ልጄ ልደት።

እኛ ስናድግ ልደት የሚባል ነገር መች እናውቅ ነበር? ልጅ ሲወለድ ገንፎ ይበላል፣ ወንዱ በአርባ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሳሉ፣ በቃ። እናቴን የተወለድኩበትን ቀን ስጠይቃት እስከ ዛሬ የምትለኝ «ቡናው ተለቅሞ ሳያልቅ» ነው። የዛሬ ልጆች ግን ከመዋዕለ ሕፃናት «የእኔስ መቼ ነው?» እያሉ ይመጣሉ። አልፈርድባቸውም። ሻማ እፍ ማለት ማን ይጠላል?

አምና ልጄ አራት ዓመት ሲሞላት እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሆቴል አዳራሽ ተከራየሁ። ወጪውን መዝግቤዋለሁ፤ የሥራ ልማድ ነው። አዳራሹና ምግቡ 9,000 ብር፣ ኬኩ 2,400፣ ፎቶ አንሺው 1,500፣ ፊኛና ማስጌጫው 1,100፣ በድምሩ 14,000 ብር። ከዚህ ውስጥ 8,000ውን የተበደርኩት ከዚሁ ከማኅበራችን ነው። ቅጹ ላይ የጻፍኩት «ለኮረሪማ ንግድ» ብዬ ነበር። አዎ፣ ሳቁብኝ። ብድሩን በየወሩ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ግን በዚያው ወር አንዲት እህታችን ለጉሊቷ ብር ስትጠይቅ ሣጥኑ ውስጥ በቂ ስላልነበረ ለቀጣዩ ወር ተላልፋለች። ይህን ያወቅሁት መዝገብ ሳገላብጥ ነው፤ ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ዘንድሮ ግንቦት ሲቃረብ ምክሩ ከየአቅጣጫው መጣ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የልጆች መጫወቻ ያለው አዳራሽ ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ለእኛ ምን ሊጠቅመን እንደሆነ እንጃ። ባለቤቴ ደግሞ ባርታ ፏፏቴ እንውሰዳቸው አለ። ጫካችንን ዩኔስኮ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዝግቦልናል፣ ውበቱ አያከራክርም። ግን በግንቦት ዝናብ ሃያ ሕፃን ይዞ ጭቃ መውረድ የአባት ሐሳብ ነው እንጂ የእናት አይደለም። አስተማሪዋ ኬኩን ክፍል ይዛችሁ ኑ ብላኝም ነበር። ርካሽ ነው። ነገር ግን እዚያ ክፍል ኬክ ማምጣት የማይችሉ እናቶች አሉ፣ በማግሥቱ ልጆቻቸው የሚያለቅሱት እነሱ ላይ ነው።

ቤትስ? ቤቱ ጠባብ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። እውነቱን ዛሬ ልንገራችሁ። የልጄ የልብ ጓደኛ የማንጃ ልጅ ናት። እናቷ እንጨት ሸጣ ነው የምታሳድጋት። ካፋ ላደገ ሰው ቀሪውን ማብራራት አያስፈልገኝም። ማንጃ ቤት አይገባም ሲባል፣ ከደጅ ተቀምጦ በቅጠል ሲበላ እያየን ነው ያደግነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል። ረከቦት ዘንድ ግን ገና አልደረሰም።

አምና ከጠራኋቸው ሃያ ልጆች ውስጥ ያቺ ልጅ አልነበረችም። ሆቴሉ የሚያስከፍለው በሰው ቁጥር ስለሆነ «ቦታ አልበቃም» ለማለት ተመቸኝ። ልጄ ኬኩን ቆርሳ በር በሩን ስታይ ፎቶው ላይ ትታያለች፤ 1,500 ብር የከፈልኩበት ፎቶ ነው። አሁን ሳስበው ያ አዳራሽ የሸጠልኝ ዋናው ነገር ሰበብ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ከቦታው በፊት ስም ጻፍኩ። ልጄ እየተናገረች እኔ እየጻፍኩ፣ አሥራ አራት ልጆች ሆኑ። እናንተም ብትሞክሩት ጥሩ ነው፣ ስሙ ሲታወቅ ቦታው ራሱ ይመጣል። ለእናቴ ደግሞ ሁለት ሳምንት አስቀድሜ ነገርኳት። ከገጠር መጥታ እኔ ዘንድ ነው የሰነበተችው። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ልጅ ናት፣ ትምጣ» አለችኝ። እናቷም ትመጣለች፣ እንደ ሌሎቹ እናቶች ትገባለች አልኳት። «እንግዲያው እኔ አገሬ እገባለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣጠፈች።

ወንበርና ድንኳን ከዕድር ተዋስኩ። ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልዬ ጋገርኩ፤ ፈንዲሻ፣ ማር፣ ቡና፣ አንድ ትንሽ ኬክ። ጠቅላላ ወጪው 4,350 ብር ሆነ፣ ሁሉም ከደመወዜ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ብቻ ብዬ ነበር፤ ሕፃናት ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆዩ ደስታው ወደ ለቅሶ ይዞራል።

ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ። የልጅቷ እናት ልጇን በር ላይ አስገብታ እሷ ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆመች። ኑ ግቡ ብላት አልተንቀሳቀሰችም። ወጥቼ እጇን ያዝኩና ይዣት ገባሁ። ልብሷ እርጥብ ነበር፣ የእኔም ረጠበ። የገቡት እናቶች ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ ተነሥታ ሄደች፤ ማን እንደሆነች አልናገርም፣ ሌሎቹ ግን ቆዩ።

እናቴ አገሯ አልሄደችም ነበር። ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየቻት፣ ሲኒ አነሣች፣ ለሁሉም በቀዳችበት ጀበና ቀድታ በእኔ እጅ ላከችላት። የራሷን ሲኒ ግን እስከ ማታ አልነካችውም። ስናጥብ ቡናው እንዳለ ቀዝቅዞ አገኘሁት።

የልጆቹን ነገር ምን ልበላችሁ፣ ድንኳኑ ሥር ከፊኛ ጋር ሲሯሯጡ ዋሉ። ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ ወንበር ላይ ተደራርበው ተቀምጠው ሰበሩት። የዕድሩ ወንበር ነው፤ ማስጠገኛው 200 ብር በወጪው ላይ ይጨመርልኝ።

እናቴ ባለፈው እሑድ ደውላልኝ ለከርሞ ድፎውን እኔ እጋግራለሁ አለችኝ። ማን ማን እንደሚጠራ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም።