የአባት ስም የተጻፈበት መዝገብ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 የታዘዘ በዓል ነው። በዚያ ትእዛዝ በአምሳኛው ዓመት መለከት ይነፋል፤ ባሪያ የሆነው ነጻ ይወጣል፤ እያንዳንዱም ሰው ወደ ወገኑ ይመለሳል። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የግብዣ ቀን ብቻ አይደለም፤ የተለየ ሰው ከዘመዱ የሚገናኝበት ቀን ነው። ነገር ግን ወደ ወገኑ ሊመለስ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ወገኑ ማን እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል። ተሽጦ ባሕር የተሻገረ ሰው የልጅ ልጁ ይህን በምን ያውቀዋል? የዛሬው ንግግር ስለዚህ ጥያቄ ነው። በዚህም የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1807 ዓ.ም. የባሪያ ንግድን በሕግ ከከለከለ በኋላ፤ አዲስ ባሪያ በስውር እንዳይገባ ሲል በቅኝ ግዛቶቹ ያሉትን ባሪያዎች አስቈጠረ። ከ1813 እስከ 1834 ዓ.ም. የተጻፉት እነዚህ መዛግብት ዛሬ በለንደን ኪው በሚባል ስፍራ በብሔራዊው ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ። በጃማይካና በባርቤዶስ የተወለዱ ሰዎች የአያቶቻቸውን ነገር በዚያ ይመረምራሉ። ነገር ግን ገጹ የሚገኘው በባሪያው ስም ሳይሆን በጌታው ስም ነው። የባሪያው ስምና ዕድሜ ተጽፏል፤ የአባቱ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። በ1833 ዓ.ም. ባርነት እንዲቀር በተወሰነ ጊዜ ፓርላማው ለጌቶቹ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ፤ ለባሪያዎቹ ግን ምንም አልሰጣቸውም። ያ መዝገብ ንብረት ለመቍጠር እንጂ ዘር ለመጠበቅ እንዳልተጻፈ ከዚህ ይታወቃል።

ከዚህ የተለየ ሌላ መዝገብ አለ፤ እርሱም የኢትዮጵያ ልጆች መዝገብ ነው። በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከራሄታ ወደ ዓረብ አገር የሚሻገሩ ሦስት ባለ ሸራ ጀልባዎችን በባሕር ላይ ያዘች። በጀልባዎቹም 204 ባሪያዎች ተገኙ፤ ከእነርሱ የሚበዙት የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ወደ ዓደን ተወሰዱ፤ ብዙዎቹም ሼክ ዑስማን በሚባለው ስፍራ ለነበሩ የስኮትላንድ ሚስዮናውያን ተሰጡ። በዚያ የአየሩ ጠባይ ስላልተስማማቸው ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። ስለዚህ በ1890 ዓ.ም. 42 ወንዶችና 22 ሴቶች ልጆች፤ በድምሩ 64፤ በደቡብ አፍሪካ ወዳለው ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን ሚስዮናውያኑ ቋንቋቸውን በሚያውቁ ሰዎች እየተረዱ እያንዳንዱን ልጅ ጠየቁት። ስምህ ማን ነው? አባትህና እናትህ እነማን ናቸው? አገርህ ወዴት ነው? ማን ያዘህ? ለማን ተሸጥህ? በምን መንገድ መጣህ? መልሱም ተጻፈ። የላቭዴል ወረቀቶች በደቡብ አፍሪካ በሮድስ ዩኒቨርሲቲ በኮሪ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። ሳንድራ ሮዎልት ሼል የምትባል የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ከብዙ ድካም ጋር መርምራ በ2018 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣችው።

ከነዚያ ልጆች አንዲቱ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። ወላጆቿ በረኃብና በበሽታ ዘመን ሞቱባት፤ እርሷም ለጥቂት በቆሎ ተሸጠች። በላቭዴል ተምራ መምህርት ሆነች፤ ክራዶክ በምትባል ከተማ አስተማረች፤ በ1911 ዓ.ም. አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አገባች። የልጇ ልጅ ዶክተር ኔቪል አሌግዛንደር ናቸው፤ እርሳቸውም የዘር መለያየትን ሕግ ስለ ተቃወሙ ከ1964 እስከ 1974 ዓ.ም. በሮበን ደሴት ታስረዋል። በልጅነታቸው አያታቸው ማንም በማያውቀው ቋንቋ ብቻቸውን ሲናገሩ ይሰሙ ነበር፤ ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገሩ ነው ተብሎም ይነገራቸው ነበር። ያ የማይታወቅ ነገር የኦሮሞ ቋንቋ ነበረ። የአያታቸው ታሪክ በሙሉ የተገለጠላቸው ከብዙ ዘመን በኋላ፤ መዝገቡ በተገኘ ጊዜ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መዝገብ በማስተዋል ይነበብ ዘንድ ይገባል። የጻፈው ባለ ሥልጣን ራሱን አዳኝ አድርጎ ይገልጣል። እውነት ነው፤ ልጆቹን ከጀልባ አወጣቸው፤ ነገር ግን ወደ እናታቸው አገር አልመለሳቸውም። ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ይወዱ እንደ ሆነ የተጠየቁት በ1903 ዓ.ም. ነው፤ አንዳንዶቹም በ1909 ዓ.ም. ተመለሱ። ዳግመኛም ስማቸውን የጻፈው የባዕድ ጆሮ ስለ ሆነ፤ የሚመረምር ሰው ፊደሉን ብቻ ሳያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ የያዟቸውንና የሸጧቸውን ሲናገሩ ባዕድን ብቻ አልከሰሱም። የገዛ አገራቸው ሰዎች፤ ጐረቤትም ዘመድም፤ በነገራቸው ውስጥ አሉ። በኢትዮጵያም ባርነት ፈጽሞ በሕግ የቀረው በ1942 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በክርስቲያን ቤት ባሪያ ይኖር ነበር። ይህ ነገር ያሳፍራልና ተዘግቶ ይቅር የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን የትውልድ መጽሐፍ ሲጽፍ ትዕማርንና ረዓብን፤ የኦርዮንም ሚስት አልሰወረም። የዮሴፍም ወንድሞች በደላቸውን እስኪናገሩ ድረስ ከወንድማቸው ጋር ዕርቅ አላገኙም። መዝገብን መዝጋት የሻጩን ኀፍረት ይሸፍን ይሆናል፤ የተሸጠውን ግን ሁለተኛ ጊዜ ይሸጠዋል።

ስለዚህ ትውልዱን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ የክርስትናና የጋብቻ መዝገብን ይመልከት። በመጨረሻም ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይሂድ፤ በአዲስ አበባም ወመዘክር አለ። በዚያም ስሙን ቢያጣ ተስፋ ሳይቈርጥ በጌታው ስም፤ በመርከቡ፤ በወደቡና በዓመቱ ይፈልግ።

የደብሩ ሥራ ግን ከዚህ ይቀርባል። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የርስት ውልና ኑዛዜ በወንጌል ኅዳግ ሲጻፍ ኖሯል፤ መጻፍ ለካህናት አዲስ አይደለም። ክርስትና በሚነሣ ልጅ ስም አጠገብ የአባቱና የእናቱ ስም፤ የተወለደበትም ስፍራ በግልጥ ይጻፍ። አንድ ሽማግሌ መጥቶ፦ አያቴ ወደዚህ ቤት የመጣችው ተገዝታ ነው ቢል፤ ካህኑ ዝም አያሰኘው። የጌታዋን ሳይሆን የአባቷን ስም ይጠይቅ፤ የሚታወቀውንም ሁሉ ይጻፍ።

በዕዝራ ዘመን ከምርኮ የተመለሱ አንዳንድ ካህናት የትውልዳቸውን መዝገብ ፈልገው ስላላገኙ ከክህነት ተከለከሉ። መዝገብ ሲጠፋ ሰው ከወገኑ እንዲህ ይለያል። ቢሾ ጃርሳ ግን ሀገሯን ዳግመኛ ባታይም፤ አንድ ሰው የአባቷን ስም ጠይቆ ስለ ጻፈው የልጅ ልጇ ወገኑን አገኘ። ኢዮቤልዩ ማለት ይህ ነው።

ስማቸው ያልተጻፈውን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ፤ የዚህን ደብር መዝገብ የእውነት መዝገብ ያድርገው። አሜን።