ከታዳጊነት ደረጃ እስከ ዓለም መድረክ፦ ሮቤ ላይ የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ



ከሮቤና ከጎባ ትምህርት ቤቶች ሯጭ የምንመርጥ ሰዎች የታዳጊዎችን ደረጃ አብዝተን እናምናለን። ምክንያት አናጣም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1990 በ10,000 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀች። ኢብራሂም ጄይላን በ2006 ቤጂንግ ላይ በዚያው ርቀት ወጣቶችን አሸነፈ፤ በ2011 ዴጉ ላይ ሞ ፋራህን ቀደመ።

ይህ ግን ከአሸናፊው ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚቆጠር ስሌት ነው። ጥያቄው መገልበጥ አለበት፦ በዚያ ዕድሜ አንደኛ ከወጡት ውስጥ ስንቱ ዘለቀ? መንገድ ላይ የቀሩትን የሚቆጥር የለም። በሌላ ወገን ማሞ ወልዴ በ1968 የሜክሲኮን ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። በ16 ዓመቱ መዝነነው ቢሆን ምን እንል ነበር?

ሁለቱም ከተሞች ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸውና ከፍታው እዚህ ልጅን ከልጅ አይለይም። በ15 ዓመት የሚለየው፣ በአብዛኛው፣ ቀድሞ የጎለመሰ አካል ነው፤ የትውልድ ዘመኑም ብዙ ጊዜ በግምት የተጻፈ ነው። እኔ ራሴ ሰባተኛ የወጣች ልጅ ከዝርዝር ሰርዣለሁ። የቀደሟት ስድስቱ በዕድሜ ታላላቆቿ መሆናቸውን የጠየቅሁት ከሰረዝኋት በኋላ ነው።

ስለዚህ በመምረጫ ቅጹ ላይ ከሰዓቱ ጎን ዕድሜና ልምምድ የተጀመረበት ዓመት ይጻፍ። የተሰረዘ ልጅ በዓመቱ ዳግም ይሩጥ። አንደኛ የወጣውም ቢሆን ትምህርቱን እንዲያቋርጥ አንምከረው።